ከግቢ የማትወጣ ላም የጉበት ትል ከየት አመጣች? ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ የ6 ቀን ማስታወሻ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ ወጣሁ። ዳገቱን ጨርሰን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንደርስ ሯጮቹ በቡድን በቡድን ሆነው የአስፋልቱን ዳር ይዘው ይሮጣሉ፣ ከነሱ ወዲያ ጨፌው ላይ ጭጋግ ተኝቶበታል፣ ከጭጋጉ በላይ የከብቶቹ ጀርባና ቀንድ ብቻ ነው ሚታየው። በጣም ነው ሚያምረው። ግን ክረምቱን ሙሉ ውሃ የተኛበት፣ ኅዳር ገብቶም ገና ያልጠጠረ ሜዳ ለጉበት ትል ከዚህ የበለጠ ሚመቸው ቦታ የለም፣ እኔም የመጣሁት ለሱ ነው።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገራችሁ። የጉበት ትል ጠፍጣፋ፣ ቅጠል የመሰለ፣ 2 ወይ 3 ሳንቲ ሜትር ሚሆን ትል ነው፣ ጉበት ውስጥ የሐሞት ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። በኛ ደጋ ያለው ፋሲዮላ ሄፓቲካ ሚባለው ነው፣ ቆላ ላይ ረዘም ያለው ፋሲዮላ ጂጋንቲካ አለ፣ መሀል ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። በግ ላይ ሲበዛ ቶሎ ይገድላል፣ ላም ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገድልም፣ ስለማይገድል ደግሞ ማንም ቁም ነገር አይለውም። ወተቷ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ትከሳለች፣ በኮርማ ብትጠቃም ቶሎ አታረግዝም፣ ባለቤቷ መኖው ነው፣ ብርዱ ነው፣ ዓይን ነው እያለ ዓመቱ ያልፋል።

ወረዳ ክሊኒክ 3 ዓመት ሠርቻለሁ፣ እና ያኔ የጉበት ትል ሲባል የኔ መልስ አንድ ነበር፣ አንድ የአልቤንዳዞል ክኒን ለአንድ ላም፣ ክብደት ሳይለካ፣ ወሩ ምንድነው ሳይባል። ላሞቹ በ2 ወር ውስጥ እንደገና ይመጡ ነበር። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ርዕስ ምረጪ ስባል ሌላ ነገር አልታየኝም፣ ይሄንኑ ነው የመረጥኩት፣ ምክንያቱም እነዛ ሰዎች ብራቸውን ከፍለው የኔን ቃል አምነው ነው የሄዱት።

የመጀመሪያ ቀን ውሎዬ ከአስፋልቱ ጀርባ ያለ ሰፈር 4 የፈረንጅ ላም ያላቸው እትዬ ጋር ነበር። "ነይ ግቢ ዶክተርዬ" አሉኝና ቡናው ሳይፈላ ወደ በረቱ ወሰዱኝ። በረቱ ንጹህ ነው፣ ሲሚንቶው በየቀኑ ይታጠባል፣ ፋጉሎውና ፍሩሽካው ለብቻ በጆንያ ተቀምጧል። በቀን 14 ሊትር ትሰጥ የነበረችው ትልቋ ላም አሁን 9 አልሞላ ብላለች። "ትል እንዳትይኝ ብቻ" አሉኝ፣ "ላሞቼ ከዚህ በር ወጥተው አያውቁም፣ ትል ሚይዘው ጨፌ ላይ ሚውለውን የገበሬ ከብት ነው።"

እኔም ልክ ናቸው ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ግን የትልቋን ላም የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልበጥ ሳደርገው ቀይ መሆን የነበረበት ወረቀት መስሏል፣ ከመንጋጋዋ ስር ደግሞ ለስለስ ያለ እብጠት አለ፣ በአውራ ጣቴ ስጫነው ጎድጉዶ ቀረ፣ ለመመለስ ጊዜ ወሰደ። ደም ሲያንስና ፕሮቲን ሲጎድል ውሃው እዛ ነው ሚጠራቀመው። ጓንት አድርጌ ከ4ቱም እበት ወሰድኩ፣ አይስ ቦክስ ውስጥ ከተትኩ። ልወጣ ስል ገንዳው ላይ የተቀመጠውን ሣር አየሁት፣ እርጥብ ነው፣ ለምለም፣ የአገዳው ሥር ላይ ጥቁር ጭቃ ተለጥፎበታል። ከየት ነው ሚመጣው አልኳቸው። "አንድ ልጅ በጋሪ ያመጣልኛል፣ ከወንዝ ዳር፣ ከድርቆሹ በጣም ይረክሳል ደግሞ ይወዱታል" አሉኝ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ያ ጭቃ ዓይኔ ላይ ቀረ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ንጋት ላይ ከጋሪው ልጅ ጋር ተቀጣጥረን አብሬው ሄድኩ። ቦቲ ጫማ ባላደርግ ኖሮ እስከ ጉልበቴ ነበር ምገባው። ልጁ ማጭዱን ይዞ ውሃው ውስጥ ገብቶ ይቆማል፣ ሣሩን ከውሃው በታች ከሥሩ ነው ሚያጭደው፣ ምክንያቱም ረጅም ከሆነ ሸክሙ ቶሎ ይሞላለታል። እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ የቦዩን ጠርዝ፣ ከብት ረግጦ ውሃ የቋጠረውን የኮቴ ጉድጓድ አንድ በአንድ ማየት ጀመርኩ። ለ20 ደቂቃ ምንም የለም። ከዛ አንዱ የኮቴ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ፣ እርጥብ ጭቃው ላይ፣ ጥቁር የጤፍ ቂጣ ፍርፋሪ ሚመስል ነገር አየሁ፣ በፒንሴት አነሳሁት፣ ቀንድ አውጣ ነው፣ 1 ሳንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም።

ሁሉም ቀንድ አውጣ አይደለም ይሄን ትል ሚያሳድገው። መለያው ቀላል ነው፣ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ አፉን ወደ ራሳችሁ ስታዞሩት አፉ በቀኝ ከሆነ ጠርጥሩት፣ በግራ ከሆነ ሌላ ዘር ነው። ይሄኛው በቀኝ ነው። ጋልባ ትሩንካቱላ ይባላል፣ ድሮ ሊምኒያ ትሩንካቱላ ሚባለው ማለት ነው፣ ጥልቅ ውሃ አይወድም፣ ጭቃና ውሃ ሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው ሚኖረው፣ ደረቅ ወራት ሲመጣ ጭቃው ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። አንዱን ካገኛችሁ በኋላ ዓይን ይለምዳል፣ እዛው አካባቢ 30 ያህል ለቀምኩ፣ ልጁም ማጭዱን አስቀምጦ አብሮኝ ይለቅም ጀመር፣ ከኔ በላይ ያያል።

ከዛ አንድ ነገር ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከላይ ከሰፈሩ ሚወርድ ቦይ አለ፣ ጥቁር ውሃ፣ የበረት ሽታ አለው። "ይሄ ከነ እትዬ ሰፈር ነው ሚመጣው" አለኝ። ቦዩን ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ እትዬ ግቢ ጀርባ ደረስኩ። ያ በየቀኑ ሚታጠበው ሲሚንቶ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አሁን ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው ሚዞረው። አንድ ትል በቀን በሺህ ሚቆጠር እንቁላል ይጥላል፣ እንቁላሉ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ወርዶ ከእበት ጋር ይወጣል፣ ውሃ ካገኘና ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይፈለፈላል፣ ከሱ ምትወጣው ዋናተኛ እጭ በ1 ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣውን ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን ውስጡ ገብታ ትባዛለች፣ ከአንዷ እጭ መቶዎች ይወጣሉ፣ ወር ከምናምን ወይ 2 ወር በኋላ ቀንድ አውጣውን ለቀው እየዋኙ ሣሩ ላይ፣ ውሃው ጠርዝ አካባቢ፣ ይለጠፉና ሽፋን ሠርተው ይቀመጣሉ። ላም እሱን ሣር ስትበላ አለቀ። ይሄን ዑደት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ ቶማስ ጀርመን ደግሞ ሎይካርት ለየብቻ አጥንተው ጨርሰውታል፣ ከዛ ወዲህ 140 ዓመት አልፏል። የእትዬ ላሞች ከግቢ መውጣት አላስፈለጋቸውም፣ እንቁላሉ በቦይ ይወርዳል፣ ትሉ በጋሪ ተጭኖ ይመለሳል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጫንጮ። መንገዱ ላይ ግራና ቀኝ የድርቆሽ ክምር ነው፣ ወሩ የአጨዳ ወር ስለሆነ ሜዳው ሙሉ ሰው ነው፣ አይሱዙዎቹ እስኪያጎነብሱ ተጭነው ወደ አዲስ አበባ ይወርዳሉ። የከተማው ብዙ ላም ከዚህ መስመር ሣር ነው ሚበላው፣ ስለዚህ ድርቆሹ ራሱ ትሉን ይዞ ይሄዳል ወይ ሚለው ጥያቄ ለኔ ትልቅ ነው።

ክምር ሚሠሩ አንድ አባባ አገኘሁ። ስለ ጉበት ትል እንደምጠይቅ ስነግራቸው "ራሞ ቲሩ ነዋ" አሉ በኦሮምኛ፣ የጉበት ትል ማለት ነው፣ ጨፌው ዳር በጎቻቸውን ስለጨረሰባቸው ከኔ በላይ ያውቁታል። ሣሩ መድረቁን እንዴት ነው ሚያውቁት አልኳቸው። ከአጨዱት ላይ አንድ እፍኝ አነሱና አጠፉት፣ ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም፣ "ይሄ ገና ነው" ብለው ወረወሩት፣ ከሌላው ወገን አንስተው ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ተሰበረ፣ "ይሄ ይከመራል።" ርጥቡ ከተከመረ መሀሉ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ከብት እምቢ ይላል አሉ። ለትሉ ብለው አይደለም ሚያደርጉት፣ ግን ትሉንም ሚገድለው እሱ ነው! ሣሩ ላይ የተለጠፈው እጭ ፀሐይና ድርቀት አይችልም፣ በደንብ በደረቀ ድርቆሽ ላይ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል፣ ርጥበት በያዘ ድርቆሽ ላይ ግን ወራት ሊቆይ ይችላል። ማለት ድርቆሽ ገዢ በረቱ ደጃፍ ላይ ያቺን እፍኝ አጥፎ ቢያይ ግማሹን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ቀጭ ሚለውን ቃል 2 ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ሌላው አባባ ያሳዩኝ ኩበታቸውን ነው፣ የቤታቸው ግድግዳ ሙሉ ተለጥፏል። የትሉ እንቁላል ርጥብ እበት ውስጥ ወራት ይኖራል፣ ከደረቀ ግን አበቃለት። እናቶቻችን ሚጠፈጥፉት ኩበት ሳያስቡት ትልቅ መከላከያ ነው፣ እበቱን በውሃ አጥቦ ወደ ቦይ መልቀቅ ግን ተቃራኒው ነው። ይሄን ነገር የትም ትምህርት ላይ እንዲህ ተያይዞ አልሰማሁትም ነበር፣ አባባ ግድግዳ ስር ቆሜ ነው የገባኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ከፋኝ። አይስ ቦክሱን ስከፍተው በረዶው ቀልጦ ዕቃዎቹ ውሃ ውስጥ ተኝተዋል፣ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ምልክት ከ6ቱ ላይ ታጥቦ ሄዷል። የማክሰኞ ማታ ናሙናዎች ናቸው፣ ከሌላ ቤት ላሞች የወሰድኳቸው፣ የትኛው የማን ላም እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፣ ስለዚህ ጣልኳቸው። ሰዎቹ ሥራቸውን ትተው ላም ይዘውልኝ ነበር፣ ደውዬ ነገርኳቸው፣ ደግሜ ልምጣ አልኳቸው፣ እሺ አሉ። ከአሁን በኋላ በማርከር ጽፌ በላዩ ፕላስተር ነው ምለጥፍበት። የእትዬ ግን ደህና ነው።

ከሰዓት ገበያ ወጣሁ መድኃኒት ሚሸጥበትን ለማየት። ፀሐይ ላይ በተዘረጋ ጆንያ ላይ ክኒን ከምላጭና ከባትሪ ድንጋይ ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ትልቁ የከብት ክኒን አልቤንዳዞል 2500 ሚሊ ግራም ነው። ሻጩን ስንት ልስጣት ስለው "ለአንድ ላም አንድ" አለኝ፣ እኔ ስል የኖርኩትን ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። አልቤንዳዞል ለጉበት ትል ሚሰጠው በ1 ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ነው፣ ስለዚህ አንዷ ክኒን ምትበቃው 250 ኪሎ ለምትመዝን ላም ነው፣ የሐበሻ ላም ትሆናለች። የእትዬን ትልቋን ላም ሰኞ ደረቷን በሜትር ለክቼ ክብደቷን ገምቼ ነበር፣ 410 ኪሎ አካባቢ ናት። እትዬ የሰጧት ያንኑ አንድ ክኒን ነው፣ ከሚያስፈልጋት ግማሽ ከምናምን ማለት ነው። ይሄ ብቻ አይደለም፣ አልቤንዳዞል ሚገድለው የጎለመሰውን ትል ነው፣ ሐሞት ቱቦ ውስጥ የገባውን። ላሟ እጩን ከዋጠችበት ቀን ጀምሮ ትሉ 6 ወይ 8 ሳምንት ጉበቱን እየበላ ሥጋውን ሰርስሮ ነው ሚያልፈው፣ ያኔ አልቤንዳዞል ብትሰጧት ምንም አትነኩትም። እና እትዬ መቼ ነው የሰጡት? መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ወጣቱ ትል ጉበቱ ውስጥ ገና በሚርመሰመስበት ሰዓት።

ወጣቱንም ሚገድለው ትራይክላቤንዳዞል ነው፣ 2 ሳምንት የሆነውን እንኳን ይይዛል። ግን ወተት ውስጥ ስለሚቀር በአውሮፓ ለምትታለብ ላም ዝም ብሎ አይሰጥም፣ ለጊደርና ለነጠፈች ላም ነው ሚሆነው። ደግሞ እሱንም ያለ ልክ ከበተነው ትሉ ይለምደዋል፣ እ.ኤ.አ. 1995 ላይ አውስትራሊያ ውስጥ እንደለመደው ተዘግቧል፣ ከዛ በኋላም በሌሎች አገሮች ታይቷል። ለምትታለበው ኦክሲክሎዛናይድ ያለበት መድኃኒት ይሻላል፣ የጎለመሰውን ነው ሚገድለው፣ ወተቱ ሚደፋበት ቀንም ያጥራል፣ ስንት ቀን እንደሆነ ግን ከዕቃው ላይ መነበብ አለበት፣ ፀሐይ ላይ የተበተነ ክኒን ደግሞ ሚነበብ ነገር የለውም።

አርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፣ ኅዳር ሲታጠን። ከጠዋት ጀምሮ በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፣ ሱሉልታ ሙሉ ጭስ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰዉን የጨረሰ ጊዜ የተጀመረ ነው ይባላል፣ እናቴ ልጅ ሆነን ጭሱ ውስጥ እንድናልፍ ታደርገን ነበር።

አንድ ክፍል ከማይክሮስኮፕ ጋር ተፈቅዶልኛል፣ መብራት ግን የለም፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል። ማይክሮስኮፑ አሮጌ ነው፣ ከስሩ መስታወት አለው፣ መስኮት አጠገብ አድርጌ የፀሐይ ብርሃን ልይዝ ስል ጭሱ ፀሐዩን ቀይ አድርጎታል፣ አይታይም። በመጨረሻ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ከመስታወቱ ስር በመጽሐፍ ደገፍኩት፣ ሠራ።

ሥራው ትዕግሥት ነው ሚፈልገው። 3 ግራም እበት ትመዝናላችሁ፣ በውሃ ትበጠብጣላችሁ፣ በሻይ ማጥሊያ ታጠላላችሁ፣ 5 ደቂቃ ትተዉታላችሁ፣ የትሉ እንቁላል ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል፣ ላይኛውን ቀስ ብላችሁ ትደፋላችሁ፣ እንደገና ውሃ፣ እንደገና 5 ደቂቃ፣ ውሃው እስኪጠራ። ከዛ ዝቃጩ ላይ አንድ ጠብታ ሜቲሊን ብሉ። ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል፣ የሣሩ ቅሪት፣ ቆሻሻው፣ እንቁላሉ ብቻ ቀለሙን አይቀበልም።

የትልቋ ላም ናሙና ያለበት ሁለተኛው ስስ መስታወት ላይ አየሁት። ሰማያዊ ነገር መሀል ወርቃማ ቢጫ፣ ሞላላ፣ አንደኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ክዳን ያለው። ትንፋሼን ያዝኩ። አጠገቡ ሌላም ነበር፣ እሱ ግን ነጣ ያለ፣ ውስጡ ሚታይ፣ ያ የጨጓራው ትል የፓራምፊስቶመም ነው፣ ብዙ ሰው ከዚህኛው ጋር ያሳስተዋል። ወርቃማውን ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ። ከ4ቱ ላሞች 3ቱ ላይ አገኘሁ። አራተኛዋ ነፃ ናት ማለት አልችልም፣ ላም ላይ እንቁላሉ ትንሽ ስለሚሆን አንዴ ታይቶ ቢጠፋ የለም አይባልም፣ ደግሞ እጩ ከተዋጠ 10 ሳምንት ገደማ ካልሞላ እንቁላል ራሱ አይወጣም።

ለእትዬ ደወልኩላቸው። ዝም አሉ መጀመሪያ። ከዛ "የማውቀውን ሁሉ አድርጌላቸዋለሁ እኮ ልጄ" አሉኝ። አዎ እትዬ፣ አድርገዋል፣ ያልተነገረዎትን ግን ሊያውቁ አይችሉም አልኳቸው፣ ሊነግርዎት የሚገባው የኔ ቢጤ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ነገ ቅበላ ነው፣ ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ስለዚህ ቄራው ከሌሊቱ ጀምሮ ሞልቷል። ሥጋ መርማሪው ጉበቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ይቆርጣል። አንዱ ላይ ቢላው ሲገባ ቅርሽሽ አለ፣ አሸዋ ላይ እንደሚሄድ። ዕድሜው ሲቆይ የሐሞት ቱቦው ግድግዳ ወፍሮ ኖራ ይይዛል፣ ድምፁ እሱ ነው። ቱቦውን በአውራ ጣቱ ሲጨምቀው ጥቁር ቡኒ ዝቃጭ ወጣ፣ ከዝቃጩ ጋር ትሎቹ፣ እንደ ርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየተጠቀለሉ። ጉበቱ ሙሉ ተጣለ። ቆሞ ያየው ነጋዴ ጥሬ ጉበት ስበላ ኖሬያለሁ፣ ይዞኝ ይሆን ብሎ በጣም ደንግጦ ጠየቀኝ። የጎለመሰው ትል ከጉበት ጋር ቢበላ ሰው ላይ አይዝም፣ ሰውን ሚይዘው እንደ ላሟ ነው፣ ረግረግ ዳር የበቀለ ነገር ጥሬውን በመብላትና ያልተጣራ ውሃ በመጠጣት፣ እንዲህ አልኩት፣ ግን እንዲህ ያለ ጉበት መበላት የለበትም፣ ሳይመረመር የታረደ ሥጋም ሌላ ጣጣ አለው።

ከሰዓት እትዬ ጋር ተመለስኩ። ከጋሪው ልጅ ጋር አብረን ተቀመጥን፣ እሱን ሳይዙ ሚሆን ነገር የለም፣ ሣሩ እንጀራው ነው። ተስማማን፣ ከአሁን በኋላ ውሃው ውስጥ ገብቶ አያጭድም፣ ዳገቱ ላይ ካለው ደረቅ ወገን ነው ሚያጭደው፣ የወንዝ ዳሩን ካጨደ ደግሞ ቀጭ እስኪል ድረስ አስጥቶት ነው ሚያመጣው፣ እትዬ ለድካሙ ጨምረው ይከፍሉታል። በቦዩ ላይ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ እበቱ ከመታጠቡ በፊት በአካፋ ይነሳል፣ ለኩበት ይሆናል፣ የተረፈው ተከምሮ ይበስላል። ነጥፋ ያለችው አንዷ ላም አሁኑኑ በክብደቷ ልክ ትራይክላቤንዳዞል ትወስዳለች። የሚታለቡት 3ቱ ጥር ላይ፣ አሁን ገና ወጣት የሆነው ትልም ሲጎለምስ፣ በሜትር ተለክተው ኦክሲክሎዛናይድ ይሰጣቸዋል፣ ከዛ ከ2 ሳምንት በኋላ እበታቸውን ደግሜ አያለሁ፣ መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነ ሚታወቀው ያኔ ነው።

እትዬ ሁሉንም ሰምተው ካበቁ በኋላ ወደ ገንዳው አዩና "ታዲያ ዛሬ ማታ ምን ልስጣቸው?" አሉኝ። ገንዳው ላይ የጠዋቱ ሣር ነበር፣ ርጥቡ፣ ጭቃው ሥሩ ላይ እንዳለ። ልጁ ተነስቶ በሁለት እጁ አቅፎ አወጣውና የጣራው ቆርቆሮ ላይ አሰጣው፣ እኔና እትዬ ደግሞ ጓዳ ከተቀመጠው ድርቆሽ አንድ እፍኝ አውጥተን አጠፍነው። ቀጭ አለ።